በአበባ መደብ የበቀለ ፐርሰሜሎ

ሲስተር ሠላሳ አራት ዓመት እናቶችን ሲያዋልዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤታቸውን እንደ ማዋለጃ ክፍል ያስተዳድሩት ጀመር። ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላቸዋል፤ ግማሹን ሰው ወደዚህ ዓለም የተቀበሉት እሳቸው ስለሆኑ ሌላ ስም አስፈልጓቸው አያውቅም። እሳቸው ቤት ፎጣ ሦስት ላይ ይታጠፋል። የአንሶላ ጥግ እንደ ፖስታ ተጣጥፎ ፍራሽ ሥር ይገባል። መቀስ፣ ወረቀት የተቆረጠበትም ቢሆን፣ በፈላ ውኃ ይታጠባል።

አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ፀጉር ሠሪ ናት። ባሏ፣ የሲስተር አንድ ለናቱ ልጅ፣ የመንገድ መሐንዲስ ስለሆነ ዓመቱን የሚጨርሰው ሩቅ ቦታ አፈር ሲያስቆፍር ነው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ዓመት ሲኖሩ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። ችግሩም እሱ ነበር። ሽንኩርቱ ወፍሯል ሲሏት «እሺ እማማ»፣ በሩን በቀስታ ዝጊው ሲሏት «እሺ እማማ»፣ አንሶላው ጥጉ አልገባም ሲሏት «እሺ እማማ»። እንዲህ እየተባለ ቤቱ ንጹሕ፣ ሰላማዊና ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ ቆየ።

አበባውን ያመጣችው ምራት ናት። አንዲት ደንበኛዋ ፀጉሯን እየተሠራች ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየቻት፦ ስስ ወረቀት ተደራርቦ ተደራርቦ የተጠቀለለ የሚመስል ክብ አበባ፣ ነጩ፣ ብርቱካናማው፣ ደብዛዛ ሮዙ። ራነንኩለስ ይባላል፣ ብርድ ይወዳል፣ ጓሮ ውስጥ ይበቅላል፣ ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥም ከሳምንት በላይ ይቆያል አለቻት። ምራት ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ገበያው አጠገብ ላለችው አበባ ሻጭ፣ ባደርስልሽ ትወስጃለሽ ወይ ብላ ጠይቃ፣ ጥሩ ከሆነ እወስዳለሁ የሚል መልስ አግኝታ፣ መቶ ሃያ ሥር አስመጣች።

ፓኬቱ ሲከፈት ሲስተር መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ከውስጥ የወጣው ደረቅ፣ ቡናማ፣ የዶሮ ጥፍር የመሰለ ነገር ነው። አንዷን በሁለት ጣታቸው አንስተው አገላብጠው አዩና፣ እንደ ሙያቸው፣ በሕይወት መኖሯን ጠየቁ። ምራት አለች ብላ አረጋገጠችላቸው። ጥፍሮቹን በባልዲ ውኃ ዘፈዘፈቻቸው፤ ጠጥተው አበጡ። ከዚያ እርጥብ አፈር በተነጠፈበት ትሪ ላይ ደርድራ ጨለማና ቀዝቃዛ በሆነው ዕቃ ቤት ሁለት ሳምንት አቆየቻቸው። ነጭ ፀጉር የመሰለ ሥር ሲያወጡ፣ ሲስተር ጎመናቸውን ነቅለው በለቀቁላት ሦስት መደብ ላይ፣ ጥፍራቸውን ወደ ታች አድርጋ፣ በስንዝር በስንዝር ተከለቻቸው። ሲስተር ቦታውን ሲሰጡ ቅር አላላቸውም። ስሙን ብቻ ምላሳቸው እምቢ ስላለ «ያንቺ ራነ-ምንትስ» እያሉ አለፉት።

ቅጠሉ ብቅ ብሎ ጣት ሲያክል ምራት የፀጉር ቀለም ሥልጠና አግኝታ ለዘጠኝ ቀን ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ግድ ሆነባት። ከመሄዷ በፊት ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ ውኃ በሦስት ቀን አንዴ፤ ጣት ወደ አፈሩ ሲገባ እርጥበት ካለው እሱም ይቅር።

ሲስተር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሁለቱንም ጊዜ አልተስማሙበትም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለስንት አራስ «ፈሳሽ ውሰጂ፣ ጠጪ፣ ጨምሪ» ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው። በውኃ የተጎዳ ሰው አይተው አያውቁም። አንድ ፍሬ ቡቃያ ሦስት ቀን አፏ ደርቆ እንድትጠብቅ ማድረግ ደግሞ ለእሳቸው ጭካኔ ነበር። ስለዚህ ጠዋት አጠጡ፤ ማታም ደገሙ። ቱቦውን ይዘው በመደቦቹ መሀል ሲመላለሱ ደስ አላቸው፤ አፈሩ ሲጠቁር፣ ቅጠሉ ላይ ጠብታ ሲያበራ፣ አንድ የድሮ ዘፈን እስከ ማንጎራጎር ደረሱ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

በስድስተኛው ቀን አንዳንዱ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ጠምቶት ነው ብለው የቀትር ውኃ ጨመሩ። በስምንተኛው ቀን አንዷን ሳብ ሲያደርጓት ያለ ምንም ትግል እጃቸው ላይ ቀረች፤ ሥሯ እንደ ተቀቀለ ድንች ልፍስፍስ ብሎ፣ ሽታውም የሞተ ነገር ሽታ። ሲስተር ብዙ ሽታ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ያንን ሲያሸቱ ግን መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ተነስተው እንደ ድሮው፣ አልጋ በአልጋ እንደሚዞሩት፣ ጥፍር በጥፍር ዞሩ። ውኃው የሚያቁርበት የመሀሉ መደብ ሙሉ በሙሉ፣ ከሦስተኛውም ጥቂት ጠፍቷል። ሃምሳ ሁለት።

ቀጥሎ ያደረጉትን ሲያደርጉት ምን እንዳሰቡ በኋላም ለራሳቸው ማስረዳት አልቻሉም። የጓሮው ቧንቧ አጠገብ ለሾርባና ለሰላጣ የሚሆን ፐርሰሜሎ አላቸው፤ ዘሩ በራሱ ጊዜ እየረገፈ በየዓመቱ ቡቃያው ይንጋጋል። የራነንኩለስ ለጋ ቅጠል ደግሞ ቁርጥ የፐርሰሜሎ ቅጠል ነው። ሲስተር ይህን ካስተዋሉ ቆይተዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ በሾርባ ማንኪያ፣ ሃምሳ ሁለት የፐርሰሜሎ ቡቃያ ከነአፈሩ እያነሱ ሃምሳ ሁለቱ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡ። የሞቱትን ጥፍሮች በፌስታል ቋጥረው መንገድ ዳር ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣሉ። ተመልሰው ከበሩ ላይ ሲያዩት የቱ የቱ እንደሆነ ራሳቸውንም ግራ አጋባቸው።

እጃቸውን ሲታጠቡ ነው ነገሩ የከበዳቸው። ከዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ነርስ ያልለካችውን የደም ግፊት እንደለካች አድርጋ መዝግባ ደርሰውባት ነበር። ዋርዱ ሁሉ እየሰማ፣ መሳሳት የሰው ነው፣ መደበቅ ግን ሌላ ሰው ይገድላል ብለው አስለቀሷት። ትክክል ነበሩ። አሁን መስተዋት ውስጥ ሲያዩ የታያቸው የዚያች ልጅ ፊት ነው።

በማግሥቱ ምራት መጣች፤ ሻንጣዋን እንኳ ቤት ሳታስገባ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈች። ሲስተር በወጥ ቤቱ መስኮት ያያሉ። ምራት በመደቦቹ መሀል ዞር ዞር አለች፣ ቁጢጥ አለች፣ ቅጠል ዳሰሰች፣ ትንሽ ቆየችና ተነሳች። ስትገባ ፈገግ ብላ ነበር። በጣም አድገዋል አለች፤ በርትተው ስለጠበቁላትም አመሰገነች። ሲስተር ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ የሰው አመኔታ ከቁጣ በላይ እንደሚያቃጥል የገባቸው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱም ምራት ማመስገኗን አላቆመችም። ባሏ ስልክ ሲደውል ድምፅ ማጉያውን ከፍታ፣ እናትህ አበቦቼን እንደ አራስ ልጅ አሳደጉልኝ ትለዋለች። እሱም በደስታ፣ የእኔ እናት እኮ የነካችው ሁሉ ይለመልማል ይላል። ሲስተር ያኔ ሻይ ትን ይላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ምራት ከመሀሉ መደብ አጠገብ ቆማ፣ እነዚህኞቹ ግን ከሁሉም ወዛም ናቸው፣ ምን አድርገውላቸው ይሆን ትላለች። ሲስተር ሊናገሩ አፋቸውን ይከፍታሉ። የሚወጣው ግን «ዛሬ ደመናው ከበድ ብሏል» ነው። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስት ጊዜ ስለ አየር ጠባይ አወሩ። ማረሙንም ተዉት። ሽንኩርቱ ወፍሮ ቀረበ፤ ዝም ብለው በሉ። አንሶላው ተጨማድዶ ዋለ፤ እንዳላየ አለፉት። ምራት እንኳ ታመዋል ወይ ብላ እስከ መጠየቅ ደረሰች።

በዚህ መሀል እውነተኞቹ ስልሳ ስምንት ተክሎች እያከታተሉ እንቡጥ ያወጡ ጀመር። ምራት ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ቀለም የያዘውን እንቡጥ ሁሉ ቆርጣ አሥር አሥር አድርጋ አሰረችና ለአበባ ሻጭዋ ወሰደች። ማታ የተመለሰችው ፊቷ ወድቆ ነው። አበባዎቹ ሱቅ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ቀርተዋል፤ አንዱም አልፈነዳም። አበባ ሻጭዋ እንዳለቻት እንቡጡ ገና ድንጋይ ሳለ ከተቆረጠ በዚያው ይሞታል፤ ከፈነዳ በኋላ ከተቆረጠ ደግሞ ሁለት ቀን አይቆይም። ልኩ በመሀል ነው፦ በጣት ጫን ሲሉት እንደ ጆሮ ጫፍ ለስለስ ሲል፣ በማለዳ፣ አገዳው ከሥሩ ተቆርጦ፣ ወዲያው ውኃ ውስጥ።

ምራት ይህን ለማወቅ ብትሞክር አልሆነላትም። ስንት ዓመት በፀጉር ቀለምና በመድኃኒት የኖሩት የጣቶቿ ጫፎች ደንዝዘዋል፤ ለእሷ ሁሉም አንድ ነው። በሁለተኛው ጠዋት መደቡ መሀል መቀስ ይዛ ግራ ገብቷት ቆማ ሳለ ሲስተር ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። አንዷን እንቡጥ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሆድ ዳብሰው የሕፃኑ ጭንቅላት የት እንዳለ የሚናገሩ ጣቶች ናቸው።

«ይቺ ነገ ናት» አሉ። ወደ ቀጣይዋ አለፉ። «ይቺም ነገ። ይቺ ደርሳለች፣ ቁረጫት።»

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ሥራቸው ይህ ሆነ። ሲስተር ከፊት እየነኩ፣ ምራት ከኋላ እየቆረጠች፣ ባልዲው በመሀላቸው። ቅጠሉን ገፈው አገዳውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የቀረው አንዱ ዘለላ በሦስተኛው ቀን ፈንድቶ ቡጢ አከለ፤ ሳምንትም አለፈው። ሁለቱ ሴቶች በአራት ዓመት ያላወሩትን ያህል በአሥር ቀን አወሩ። ምራት ስለ ደንበኞቿ አመል ታወራለች፤ ሲስተር መንታ ጠብቀው ሦስት ስለተቀበሉበት ቀን ያጫውቷታል። ወዳጅነቱ በጨመረ ቁጥር ግን ሲስተር ያ ፐርሰሜሎ ያለበትን መደብ ይሸሹ ጀመር። እዚያ ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በፍጥነት ያልፋሉ።

አንድ ማክሰኞ አበባ ሻጭዋ ራሷ መጣች። ቅዳሜ አንድ የሠርግ አዳራሽ የማስጌጥ ሥራ ይዛለች፤ ቃል ከመግባቷ በፊት ጓሮውን በዓይኗ ማየት ፈልጋለች። ኮስታራ፣ ፈጣን፣ የምትለውን የምታውቅ ሴት ናት። የመጀመሪያውን መደብ አየችና በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። መሀለኛው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እነዚህስ?» አለች። «ቅጠላቸው ከሁሉም ያምራል፤ እንቡጥ ግን አይታየኝም። መቼ ይደርሳሉ?»

ምራት ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ ወደ አማቷ ዞረች። «የእነሱን ነገር የሚያውቁት እማማ ናቸው» አለች። «እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

ሲስተር እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ስለ ደመናው ሊያወሩ ቀና ሲሉ ሰማዩ አንድ ፍሬ ደመና አልነበረበትም።

«አይደርሱም» አሉ። «ፐርሰሜሎ ናቸው። ልጄ በሌለችበት ውኃ አብዝቼ አበባዋን ገደልኩባት። መግደሌ ሳያንስ እንዳታውቅብኝ በቦታው ፐርሰሜሎ ተከልኩ። አጥፍቻለሁ።»

አበባ ሻጭዋ አንዷን ተመለከተች፣ ሌላኛዋን ተመለከተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ ቅጠል ቀጠፈችና አኘከችው። እውነትም ፐርሰሜሎ ነው አለች። ኮስታራነቷ እዚያ ላይ አበቃ፤ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስትረጋጋ ከእውነተኞቹ ስንት ማግኘት እንደምትችል ጠየቀች፤ ስልሳ አበባ ለቅዳሜ ከደረሰላት እንደሚበቃት ተናግራ፣ ለሾርባዋም አንድ እፍኝ ፐርሰሜሎ ይዛ ሄደች።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ሲስተር መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መቼ እንዳወቀች ጠየቋት።

«የመጣሁ ዕለት ነዋ» አለች ምራት አጠገባቸው እየተቀመጠች። «ቅጠሉን ነክቼ እጄን ሳሸተው ሾርባ ሾርባ አለኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ምራት መጀመሪያ ተናድዳ እንደነበር፣ በማግሥቱ ሥራ ቦታዋ የደንበኛ ፀጉር እያጠበች እንዳለቀሰች ነገረቻቸው። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ እያላት መጣ። በዚህ ቤት አራት ዓመት ሙሉ የሚሳሳት ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ አንድ ቀን ተራው የሌላ ሰው ሲሆን ማየት እንደ ዕረፍት ሆነላት። ምስጋናውንም ሆን ብላ ነው ያበዛችው። ይህን ስትል አፈረች፤ ሲስተርም ሽርጣቸውን ያፍተለትሉ ነበር።

«ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም» አለች ምራት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጥፍሮቹ ውኃ ውስጥ መቆየት ያለባቸው ሦስት ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። እኔ ዘፍዝፌ ረስቼያቸው አደሩ። ያን ያህል ውኃ የጠጣ ሥር አፈር ውስጥም ቢገባ የመበስበስ ዕድሉ ብዙ ነው። እርስዎ ውኃውን ባያበዙትም ስንቱ ይተርፍ እንደነበር አላውቅም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ እንዲህ ሲጨነቁ እያየሁ እንኳ አልተናገርኩም።»

ሲስተር አፋቸውን ከፈቱና «ባልዲው ላይ ሰዓቱን ጽፈሽ ብትለጥፊ ኖሮ...» ብለው ጀመሩ። ራሳቸውን ሰሙት። አቋረጡና ሳቁ፤ ምራትም ሳቀች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ በኋላ በሆዷ። የዚያን ዕለት ከሰዓት ሃምሳ ሁለቱንም ነቀሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሾርባውም እንቁላሉም ሰላጣውም አረንጓዴ ሆኖ ሰነበተ።

ሥራው ግን ገና ነበር። ሐሙስ ዕለት ሙቀት ድንገት ገባ፤ ለቅዳሜ የታሰበው እንቡጥ ሁሉ ባንድ ጊዜ መለስለስ ጀመረ። ካልተቆረጠ ጓሮው ውስጥ ፈንድቶ ሊያልቅ ነው። ሐሙስና ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ወጡ። ምራት ፀጉር ቤቷን ዘግታ ዋለች። ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው መታጠቢያ ቤት ስለሆነ ባልዲውም ድስቱም የልብስ ማጠቢያውም ሳፋ አበባ ተሞልቶ እዚያ ገባ፤ ሁለቱም ሁለት ቀን ፊታቸውን የታጠቡት ወጥ ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰባ አራት አበባ ቆጠሩ። ሲስተር አንድ በአንድ ደግመው ዳሰሱና ስድስቱን አስቀሩ። ምራት ማንም አይለየውም ብላ ተከራከረች፤ ሲስተር ያልደረሰ ከእጃቸው ወጥቶ እንደማያውቅ ነገሯት። ተከራከሩ እንጂ «እሺ እማማ» አልተባለም። በመጨረሻ ስድስቱ ቀሩ።

አበባ ሻጭዋ ሠራተኛ ስለጎደላት ባልዲ ተሸክመው አብረዋት እንዲሄዱ ለመነቻቸው። አዳራሹ ሞቃት ነበር፤ ጠረጴዛ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጧቸው ክብ ክብ የነበሩት እንቡጦች ቀስ እያሉ ይከፈቱ ጀመር፤ ንብርብር በንብርብር፣ እንደሚያዛጋ ሕፃን። ሲስተር ባዶ ባልዲ ታቅፈው በሩ አጠገብ ቆመው አዩ። ምራት እንሂድ ስትላቸው ትንሽ እንቆይ አሉ። በሕይወታቸው ብዙ ነገር ሲመጣ ተቀብለዋል፤ ሁልጊዜም ወዲያው ወደ ቀጣዩ ይሮጡ ስለነበር ከተቀበሉት ዘንድ ተቀምጠው የማየት ጊዜ አልነበራቸውም። ይህን ለምራታቸው እዚያው ነገሯት። ምራት ባልዲውን ከእጃቸው ወሰደችና ወንበር አመጣችላቸው።

ሙቀቱ እየጠና ሲሄድ አበባው አለቀ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ይህ ግን ደግ ቢጫ ነው፣ ሥሩ ሊተኛ ሲል የሚመጣ። ምራት ከአሁን በኋላ አንድ ጠብታ ውኃ እንዳይነካው አለች። ሲስተር በቧንቧው አጠገብ ባለፉ ቁጥር እጃቸው እየበላቸው ታገሱ። ቆፍረው ሲያወጡት አንዷ ጥፍር ሦስትም አራትም ሆና ተገኘች።

መሐንዲሱ ልጅ ዕረፍት ወጥቶ ቤቱ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። እንደለመደው ጸጥታ ጠብቆ በሩን ሲከፍት ከጓሮ ጩኸት ሰማ። እናቱ ጥፍሩ ለመጪው ብርድ ከግንቡ ጥግ ይተከል ይላሉ፤ ሚስቱ እዚያ ፀሐይ አይደርስም፣ ያረጀ ሐሳብ ነው ትላለች፤ እናቱ ያረጀው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሰውየው ደነገጠ። በአራት ዓመት ያልተሰማ ነገር ነው። ሻንጣውን ጥሎ ሮጠ፤ በመሀላቸው ገብቶ እጁን ዘርግቶ፣ ኧረ በሰላም፣ ተረጋጉ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር ማለት ጀመረ።

ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዞረው አዩት።

«በጫማህ የረገጥከው ጋዜጣ ላይ የሚደርቅ ሥር አለ» አሉት ሲስተር። «ውረድና ይህን ከረጢት ያዝ» አለችው ሚስቱ። ወርዶ ያዘ። እነሱም ካቆሙበት ቀጠሉ።